ደካማ ያልኳት ሕፃን

በተማሪዎቼ ፊት የተደበደብኩት ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ነበር። በሩ ተበርግዶ ከግድግዳው ጋር ሲላተም ዞር አልኩ፤ ገና ዞሬ ሳልጨርስ የመጀመሪያው ዱላ አፌ ላይ አረፈ። ጥርሴ ምላሴ ላይ እንደ ጠጠር ሲንከባለል ይታወቀኛል። ሁለተኛውን በግራ ክንዴ ልመክት ብዬ ሳነሳ አጥንቴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት፤ ማገዶ ጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነው።

ሰውየውን አላውቀውም። አምሳ ዓመት ይሆነዋል፤ ትከሻው ሰፊ ነው፤ የፋብሪካ ቱታ ለብሷል። በእጁ የባሕር ዛፍ አጠና ይዟል። አይሳደብም፣ አይጮኽም። እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው የሚመታኝ። ወድቄ ጠረጴዛው ሥር ስገባ ጠረጴዛውን ገለበጠውና ጎኔን በጫማው ረገጠኝ። ከዚያ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ትልልቆቹ ተማሪዎች ተረባርበው ያዙት። ስድስት ሆነው ነበር፤ ግን እየጎተታቸው ሁለት እርምጃ ወደ እኔ መጣ። ነጩ ጋውኔ ከአንገቱ እስከ ኪሱ ቀይ ሆኖ ነበር። የጥበቃው ሠራተኛ ሲደርስ ሰውየው አጠናውን ጥሎ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። እስኪወስዱት ድረስም ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።

ይህ እንዴት እንደመጣ ለመናገር አንድ ወር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የማስተምረው ቃሊቲ ሲሆን፣ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎኛል። እኛ ወደ ኮዬ ስንገባ መሬቱ የእርሻ ነበር ይባላል። ገበሬዎቹ ሲነሱ ውሾቻቸው ቀሩ። ባለቤት ያጣ ውሻ በየቆሻሻ ክምሩና ግንባታው ባላለቀ ሕንፃ ውስጥ እየተዋለደ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ መንጋ ሆነ። ማታ ሲነካከሱ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። ቀን ግን ሰው አይነኩም ነበር፤ ወይም አይነኩም ብለን ነበር።

አንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ ከትምህርት ቤት ለብቻዋ የምትመለስ የስምንት ዓመት ልጅን ውሾቹ ከብሎኮቹ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ከበቧት። ዘጠኝ ነበሩ። ፕላስቲክ ስትለቅም የነበረች አንዲት ሴት ጩኸቱን ሰምታ ድንጋይ ይዛ ሮጠች፤ ስትደርስ ግን ልጅቷ መሬት ላይ ነበረች። ሴትየዋ ያየችውን ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረች፤ እኔ እዚህ ሁሉንም አልደግመውም። አንገቷንና ጭኗን ነበር የያዟት። ሐኪም ቤት ሳትደርስ መንገድ ላይ ሞተች።

የልቅሶው ድንኳን በእኛና በአውቶቡስ ፌርማታው መካከል ነበር። ሦስት ቀን በአጠገቡ አለፍኩ። ፈተና አርማለሁ፣ ደክሞኛል፣ ቤተሰቡን አላውቀውም እያልኩ ገብቼ ሳልቀመጥ ቀረሁ። በኋላ ዋጋ ያስከፈለኝ አንዱ ነገር ይህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ወንዶች ወጣን። አርባ ያህል እንሆናለን። አጠና የያዘ አለ፣ ገጀራ የያዘ አለ፤ እኔ ካላለቀው ሕንፃ ሥር ያነሳሁት አንድ ሜትር የሚሆን ፌሮ ይዤ ነበር። ውሾቹን ከሜዳው እያባረርን፣ መስኮትና በር ወዳልተገጠመለት ሕንፃ ምድር ቤት አስገባናቸው። ሮጠው ያመለጡ አመለጡ። የቀሩት ማዕዘን ላይ ተሰብስበው ጥርሳቸውን አሳዩን። ከዚያ በኋላ የነበረው የሚሰማ እንጂ የሚታይ አልነበረም፤ አቧራው ዓይን አያሳይም። አጥንት ሲሰበር፣ ሰው ሲሳደብ፣ ውሻ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ብቻ ይሰማል።

እኔ የገደልኳት ቡላ ሴት ውሻ ነበረች። ከተከመሩ የሲሚንቶ ከረጢቶች ፊት ቆማ አልሸሽም አለች። ፌሮውን ወገቧ ላይ አሳረፍኩት፤ የኋላ እግሮቿ ተዝለፈለፉ። እኔን ለመንከስ የምትመጣ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በፊት እግሮቿ እየተጎተተች ወደ ከረጢቶቹ ዞረች። ሁለተኛውን አንገቷ ላይ፣ ሦስተኛውን ጭንቅላቷ ላይ ደገምኩ። ከረጢቶቹ ኋላ አራት ቡችሎች ነበሩ። እነሱን አጠገቤ የነበረው ሰው በቦት ጫማው ጨረሳቸው።

ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልችልም። ሸሚዜ ላይ የእንስሳ ደም እየደረቀ ወደ ቤት ስመለስ፣ ለዓመታት ያልተሰማኝ ዓይነት ደስታ ነበር የተሰማኝ። ልቅሶ ላይ ያልተቀመጥኩት ሰውዬ ለሟቿ የበቀልኩላት መስሎኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ላይ ደረስን። በየዓመቱ በዚህ ምዕራፍ ክፍሉ ይከፈላል። የቤተ ክርስቲያን ልጆች አሉ፣ የመድረሳ ልጆች አሉ፣ ጸሎት ቤት የሚሄዱ አሉ፤ በአብዛኛው ለፈተና ብለው ይጽፉታል እንጂ አይቀበሉትም። እኔም ልጅ ሳለሁ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ። ሳሪስ አቦ የእናቴን እጅ ይዤ ነው ያስቀደስኩት። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ግን ቀስ እያልኩ ተውኩት፤ መተዌንም እንደ ጀግንነት እቆጥረው ነበር። ተማሪ ተከራክሮኝ ሲሸነፍ ደስ የሚለኝ ዓይነት መምህር ነበርኩ።

በዚያ ረቡዕ ከሰፈራቸው ምሳሌ ልስጣቸው አልኩና የውሾቹን ነገር አነሳሁ።

«የኮዬ ልጆች ታውቃላችሁ፤ ባለፈው ውሾቹን ገደልናቸው» አልኩ። «የትኞቹን ነው የገደልነው? ሰው ሲመጣ ያልሸሹትን። የሸሹት ተርፈዋል፤ ከእንግዲህ የሚወልዱት እነሱ ናቸው። ከብዙ ትውልድ በኋላ የኮዬ ውሻ ሰው ሲያይ የሚሸሽ ውሻ ይሆናል። ይህን ያሰበው ማነው? ማንም አላሰበውም። ዝግመተ ለውጥ ወዴትም እየሄደ አይደለም። ዓላማ የለውም።»

ከመሃል ረድፍ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ለጥቂት ሳምንታት ቀርታ በቅርቡ የተመለሰች ዝምተኛ ልጅ ነች። ስልሳ ተማሪ ካለበት ክፍል ማን ለምን እንደቀረ አልጠየቅኩም ነበር።

«ቲቸር፣ ውሾቹ የገደሏት ልጅስ?» አለችኝ። «እሷ የሞተችው ደካማ ስለሆነች ነው?»

የሚያምር ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ሲዞር ደስ አለኝ።

«በተፈጥሮ ዓይን አዎ» አልኳት። «ደካማ ነበረች። ተፈጥሮ አያዝንም።»

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ትምህርቱ የገባቸው መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ተደበደብኩ።

ክሊኒክ አልጋ ላይ ሆኜ ከንፈሬን ሲሰፉኝ አብራኝ የመጣችው የጂኦግራፊ መምህርት ነች። ክንዴን በጄሶ ጠቅልለው ከወጡ በኋላ ነገሩን ነገረችኝ። የደበደበኝ ሰው የሟቿ ሕፃን አባት ነው። የጠየቀችኝ ተማሪ የሟቿ እህት ነች። ማታ እራት ላይ አባቷ ምን እንደተማረች ሲጠይቃት ደብተሯን አውጥታ አነበበችለት። የጻፈችው ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ ዓላማ የለውም፣ ደካማ ነበረች። ሌላው የክፍሉ ተማሪ የልጅቱን ሐዘን ያውቅ ኖሯል። ስመልስላት ጸጥ ያሉትም ለዚህ ነው። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሐፍረቱ ከክንዴ ይልቅ አመመኝ ብል ውሸት ነው። ክንዴ ነበር የሚያመኝ፤ ጎኔም ስተነፍስ ይወጋኛል። ተናድጄም ነበር። ፖሊስ ቃል ሊቀበለኝ ሲመጣ ሁሉንም በዝርዝር ተናግሬ ፈረምኩ፤ እንዲታሰር ፈልጌ ነበር። ማታ ግን ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር «በተፈጥሮ ዓይን አዎ» ያለው የራሴ ድምፅ ይመጣብኛል። በተለይ «አዎ» ያልኩበት ቅላጼ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። አንዱ የሰውየው የንስሐ አባት የሆኑ ቄስ ናቸው። ሌላው ከስልጤ የመጡ ሙስሊም ባለሱቅ ናቸው፤ ሱቃቸው ሰውየው ከሚኖርበት ብሎክ ሥር ነው። የመጡት ይቅርታ ለመጠየቅና ክሱን እንድተው ለመለመን ነው። ከንፈሬ ስላበጠ ብዙ አላወራም፤ አንድ ነገር ግን ጠየቅኳቸው። ሰውየውን ምን ብለው እንዳጽናኑት።

ቄሱ ሳይቸኩሉ መለሱልኝ። እግዚአብሔር ያለ ምክንያት የሚያደርገው ነገር የለም፣ እኛ ባናየው እንኳ ዓላማ አለው ብለው እንዳጽናኑት ነገሩኝ። ባለሱቁ ደግሞ የልጅቱ ሰዓት አስቀድሞ የተጻፈ እንደሆነ፣ ያንን ማንም ሊያስቀርላት እንደማይችል ነግረውታል። ሰውየው ሁለቱንም «እሺ» ብቻ አላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስኪታሰር ድረስ ቄሱ ሲመጡ ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋ ነበር።

ቄሱ ጄሶዬን ሲያዩ ቆዩና፣ «አንተስ ልጄ፣ እውነት ፍጥረት ሁሉ እንዲያው ነው ብለህ ታምናለህ?» አሉኝ።

ሳይንስ የሚመረምረው እንዴት እንደሆነ ነው፣ ለምን እንደሆነ አይመረምርም፤ ዓላማ የሚባል ነገር በመሣሪያችን አይታየንም አልኳቸው።

«ለልጆቹ ያልካቸው ግን እንደሱ አይደለም» አሉኝ። «አላየሁትም ማለትና የለም ማለት ለየቅል ናቸው። እኔም እንዳንተው ነኝ መሰለኝ። ዓላማ አለው አልኩት እንጂ ዓላማውን አላየሁትም።»

ባለሱቁ በዚህ መሃል ጣልቃ ገቡ። ፍጥረት ስንት ዓመት እንደፈጀ ሳይንስ ይቁጠረው፣ እኔ በዚህ ከማንም ጋር አልጣላም አሉ። «ደካማ ነበረች ያልከው ግን ሳይንስ አይደለም መምህር» አሉኝ። «ስድብ ነው።»

ባዮሎጂውም ቢሆን ያልኩትን አይልም። ዝግመተ ለውጥ ስለ አንዲት ሕፃን ሞት የሚፈርደው ነገር የለውም። የፈረድኩት እኔ ነበርኩ፤ ተማሪ ፊት ጎበዝ ለመምሰል።

ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው አጥንት የተሰበረበት ጉዳይ በእኔ ፈቃድ ብቻ እንደማይዘጋ፣ ይቅር ማለቴ ግን እንደሚጻፍለት ነገረኝ። አጻፍኩ። ከዚያ ሰውየውን ላናግረው ብዬ ጠየቅኩ። ግቢው ውስጥ ካለች አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡን፤ አንድ ፖሊስ ራቅ ብሎ ቆሟል። የሰውየው እጆች ጉልበቱ ላይ ናቸው። የጣቶቹ መገጣጠሚያዎች ተልጠዋል፤ በኋላ እንደሰማሁት የእስር ቤቱን ግድግዳ መትቶ ነው።

ስለ ሕፃኗ ሳላውቅ እንደተናገርኩ፣ ባውቅም ባላውቅም ግን ያልኩት ስህተት እንደሆነ ነገርኩት። ቀና ብሎም አላየኝ።

«አባ ለምክንያት ነው አሉኝ» አለ። «ጎረቤቴ ተጽፎ ነው አለኝ። አንተ ደካማ ስለነበረች ነው አልክ። ሦስታችሁም መልስ አላችሁ። ምክንያቱን የማውቀው ግን እኔ ነኝ።»

ከዚያ ነገረኝ። ልጅቱ ከመሞቷ ከሳምንት በፊት ምሳ ዕቃዋን ትምህርት ቤት ረስታ መጣች። በዚያ ዓመት ስትጥል ሁለተኛዋ ነበር። ከፋብሪካ ደክሞት ተናድዶ መጥቶ ስለነበር ቀበቶውን አውጥቶ ገረፋት። ሁለተኛ ከእጅሽ ብትለቂው ወዮልሽ አላት። ማክሰኞ ዕለት ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ያልበላችው የሥጋ ፍርፍር ነበር። ውሾቹ መጀመሪያ የፈለጉት እሱን ነው። ድንጋይ ይዛ የሮጠችው ሴት ከሩቅ «ጣይው፣ ጣይው» እያለች ጮኻለች። ልጅቱ አልጣለችውም። ከሜዳው ያነሷት ባለሱቁ ናቸው፤ ምሳ ዕቃውን ከጣቶቿ ለማላቀቅ ታግለው ነው የወሰዱት።

«ደካማ አልነበረችም» አለኝ፤ የዚያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ዘጠኝ ውሻ እየጎተታት አልለቀቀችም።»

ግቢው ውስጥ የሆነ ሰው መኪና ለማስነሳት ይታገላል። በመጨረሻ ለምን እኔን እንደመረጠ ጠየቅኩት።

«ቄስ አይመታም» አለ። «ጎረቤቴንም አልመታው፤ ልጄን ከሜዳ ያነሳልኝ እሱ ነው። ራሴን ሞከርኩ፤ አልበቃኝም። አንተ ተገኘህ።»

ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነህ አለው፤ ይቅርታዬና ሐዘኑ ተቆጥሮለት ቅጣቱ በገደብ ሆነ። ክንዴ ዳነ፤ ትንሽ ጠመም ብሎ ነው የገጠመው። ዳይሬክተሩ የቀረውን ምዕራፍ እንድዘለው መክሮኝ ነበር። አልዘለልኩትም። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ በጎደለ ጥርስ ፊደል እያጣመምኩ፣ ያልኩትን አረምኩ። በሳይንስ «ብቁ ይተርፋል» ሲባል ብቁ ማለት ጎበዝ ወይም ጠንካራ ማለት እንዳልሆነ፣ የሞተ ሁሉ ደካማ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ዓላማ አለው የለውም የሚለውን ጥያቄ ባዮሎጂ በመሣሪያው ሊመልሰው አይችልም፤ የሚመልስላችሁ ሰው ካገኛችሁ ግን ከየት አምጥቶ እንደሚናገር ጠይቁት፣ እኔን ጨምሮ፤ አልኳቸው። ልጅቷ ክፍል ውስጥ አልነበረችም። ወደ ሌላ መምህር ክፍል ተዛውራ ነበር፤ እኔም እንድትመለስ አልለመንኳትም። እዚያው ተምራ ፈተናዋን አለፈች፤ አሁን ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ነች።

ከሰውየው ጋር እንደገና የተገናኘነው በዚያው ሜዳ ላይ ነው። ከክረምቱ በኋላ ወላጆች ተራ ገብተው ሕፃናቱን ከትምህርት ቤት እስከ ብሎክ ማድረስ ጀመሩ። እኔም ጠዋት ብቻ የማስተምርባቸውን ቀኖች ሰጠሁ። አንድ ዓርብ ተራችን ገጠመ። አሥራ ሁለት ሕፃናት ይዘን መሃል ሜዳ ስንደርስ፣ ከአንድ ጉድጓድ አምስት ውሾች ወጡ። አልሸሹም። ከሌላ ቦታ የመጡ ይሁኑ የእነዚያው ልጆች አላውቅም፤ ያ ሁሉ ግድያ አንዲት ነገር አላስተማራቸውም። እኔ ሕፃናቱን ከኋላዬ ሰብስቤ ድንጋይ ስወረውር፣ እሱ ዱላውን ይዞ ወደ ፊት ወጣ። ትልቁ ውሻ ዘሎ ክንዱን ያዘው። ዱላው ከእጁ ወደቀ። ሰውየው በሌላኛው እጁ የውሻውን ጉሮሮ ጨብጦ መሬት ላይ ተኛበት፤ በጉልበቱ ደረቱን ተጭኖ፣ የጎድን አጥንቱ ሲሰበር እየተሰማ፣ እስኪበርድ ድረስ አልለቀቀውም። ሌሎቹ ያኔ ነው የተበተኑት። ሕፃናቱ ሁሉም ይጮኻሉ። እኔም ስጮኽ እንደነበር የነገሩኝ በኋላ ነው።

ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ብዙ ቀን መመላለስ ነበረበት። አብሬው ሄድኩ። ወረፋ ስንጠብቅ ብዙ አናወራም፤ ባወራን ጊዜም ስለ ፋብሪካው፣ ስለ አውቶቡሱ ነው። አንድ ቀን ግን ሳልጠይቀው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገና መሄድ እንደጀመረ ነገረኝ። መልስ አግኝቶ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ልጣላው ነው የምሄደው» አለኝ። «ቤቱ ሄጄ ካልተጣላሁት የት ላገኘው ነው?»

ይህን ለቄሱ ነግሯቸው እንደሆነ ጠየቅኩት። ነግሯቸዋል። እሳቸውም በር ላይ የሚቆመው ሰው ከሚሸሸው ይሻላል ብለው፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከውጭ እንዲጠብቃቸው ብቻ ነግረውታል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ግቢው ውስጥ ቁጭ ይላሉ። እሱ ይናገራል፤ ቄሱ ይሰማሉ።

ነርሷ ስሙን ጠራች። ሸሚዙን እየጠቀለለ ገባ፤ እኔ ኮቱን ይዤ ጠበቅኩት።